ጆን ፒልን ስናነሳ የባንዶች ጠብ ለምን አብሮ ይነሳል?

የቢቢሲ የሙዚቃ ፕሮግራም አቅራቢው ጆን ፒል ከሞተ ሃያ ዓመት አልፎታል፣ ግን ጥቅምት በገባ ቁጥር የሮክ አፍቃሪዎች ስሙን ማንሳታቸው አልቀረም። ወሬው ሁሌ በትዝታ ይጀምርና ትንሽ ቆይቶ ወደ ጠብ ይዞራል፣ የራሳቸው ጠብ አይደለም፣ የባንዶቹ። አንዱ «ፒል ባይኖር ይሄንን ባንድ ማን ያውቀው ነበር» ይላል፣ ሌላው የዘጠናዎቹን የእንግሊዝ ባንዶች ብለርና ኦዌሲስን ያነሳል፣ ሦስተኛው የፒንክ ፍሎይዶቹን ሮጀር ዋተርስንና ዴቪድ ጊልሞርን ይዞ ይመጣል፣ ከዛ በቃ ሌሊቱን ሙሉ ክርክር ነው። በተለይ ኦዌሲስ በ2025 ከተመለሱ ወዲህ ነገሩ በጣም ጋለ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።)

እኔ ይሄ በአጋጣሚ የሚሆን አይመስለኝም። ሰውየው የተጣሉትንም የተኮራረፉትንም ተራ በተራ እያስገባ ያሰማ ሰው ነው፣ ዛሬ ያንን ቦታ የያዘ የለም፣ ስለዚህ ሰዉ ፒልን ሲያነሳ የሚናፍቀው ጎራ ሳይለይ ዘፈን ይሰማበት የነበረውን ጊዜ ጭምር ነው።

ለማያውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ትክክለኛ ስሙ ጆን ሬቨንስክሮፍት ነው፣ በ1939 ሊቨርፑል አጠገብ ሄስዎል የምትባል ከተማ ተወለደ፣ በስልሳዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ሄዶ ዳላስ ይኖር ነበር። በ1964 ቢትልስ አሜሪካን ሲያጥለቀልቋት የሬዲዮ ጣቢያዎቹ ከሊቨርፑል አካባቢ የመጣ ሰው ሁሉ አዋቂ መስሎ ይታያቸው ስለነበር እሱም በዛው አነጋገሩ ሥራ አገኘ። በ1967 እንግሊዝ ተመልሶ ሬዲዮ ለንደን የሚባል ባሕር ላይ መርከብ ውስጥ ሆኖ የሚያስተላልፍ ፈቃድ የሌለው ጣቢያ ገባ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ማንም የማይቆጣጠረው ሰዓት ላይ የፈለገውን ያጫውት ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ መንግሥት እነዚህን የመርከብ ሬዲዮዎች በሕግ ዘጋቸው፣ መስከረም 30 ደግሞ ቢቢሲ ሬዲዮ 1 ተከፈተ፣ ፒልም ከመጀመሪያዎቹ አቅራቢዎች አንዱ ሆኖ ገባና እዛው 37 ዓመት ቆየ። አብረውት የጀመሩት ሁሉ ሄደው እሱ ብቻ ነው የቀረው። ጥቅምት 25 ቀን 2004 ፔሩ ኩስኮ ከተማ ለእረፍት ሄዶ በልብ ድካም ሞተ፣ 65 ዓመቱ ነበር።

አሁን ዋናው ነገር፣ «ፒል ሴሽን» የሚባለው። ብዙ ሰው ይሄን የሰውየው ቸርነት አድርጎ ያወራል ግን መነሻው ደረቅ የሆነ የውል ጉዳይ ነው። በዛን ጊዜ ቢቢሲ በቀን ስንት ሰዓት ሸክላ ማጫወት እንደሚችል ከሙዚቀኞች ማኅበርና ከሸክላ ኩባንያዎች ጋር በተደረገ ስምምነት የተገደበ ነበር፣ ሙዚቀኛ ሥራ እንዳያጣ ተብሎ። ስለዚህ የቀረውን ሰዓት ለመሙላት ባንዶችን ስቱዲዮ ጠርቶ መቅዳት ግድ ነበር። ባንዱ ዕቃውን ጭኖ ለንደን ማይዳ ቬል ስቱዲዮ ይመጣል፣ ባንድ ቀን አብዛኛውን ጊዜ አራት ዘፈን ይቀዳል፣ ማታውኑ ሚክስ ተደርጎ ያልቃል፣ «ነገ ተመልሰን እናስተካክላለን» ብሎ ነገር የለም። እንዲህ እንዲህ እያለ ወደ 4000 የሚጠጋ ሴሽን ከ2000 ገደማ ባንድና ዘፋኝ ተቀዳ። ዘ ፎል የሚባሉት ባንድ ብቻቸውን 24 ጊዜ ቀድተዋል፣ መሪያቸው ማርክ ኢ ስሚዝ ከራሱ ባንድ አባሎች ጋር እየተጣላ ስንቱን እንዳባረረ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ፒል ግን ከ24ቱ አንዱንም «እናንተማ ሁሌ ስትጣሉ ነው» ብሎ አልተወባቸውም። ዘፈኑ ከመጣ መጣ ነው።

በቅርበት ልታዩት የሚገባ አንድ ታሪክ አለ። በ1981 ሼፊልድ ውስጥ ፒል ዝግጅት ሲያቀርብ ጃርቪስ ኮከር የሚባል ገና ትምህርት ያልጨረሰ ልጅ የባንዱን ካሴት ይዞ መጥቶ በእጁ ሰጠው። ካሴት የሚሰጠው ሰው ብዙ ነው እኮ፣ መኪናው ሁሌ በካሴት የተሞላ ሰውዬ ነው፣ ግን ሰማው። ልጆቹ ተጠሩና በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ሴሽን ቀዱ። ከዛ ምን ሆነ? ምንም። ፐልፕ የሚባለው ያ ባንድ ከአሥር ዓመት በላይ ማንም ዞር ብሎ ሳያየው ቆየ፣ ሁለተኛውን ፒል ሴሽን የቀዱት በ1993 ነው። ይሄን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

1995 እንሂድ። ነሐሴ 14 ቀን ብለርና ኦዌሲስ ባንድ ቀን ሲንግል (ለብቻው የሚሸጥ ዘፈን) አወጡ። ባንድ ቀን የገጠመው እንዲሁ አይደለም፣ የብለር ሲንግል ቀኑ ተቀይሮ ከኦዌሲስ ጋር እንዲገጥም ተደረገ። ኤንኤምኢ የሚባለው የሙዚቃ መጽሔት የቦክስ ግጥሚያ ማስታወቂያ አስመስሎ ሽፋኑ ላይ አወጣቸው፣ የማታ ዜና ሳይቀር ስለነሱ ሆነ። አንዱ ባንድ ከማንቸስተር የሠራተኛ ሰፈር ልጆች፣ ሌላው ከደቡብ እንግሊዝ ኮሌጅ የገቡ ልጆች፣ ሀገሩ የቆየ የመደብና የክልል ቁርሾውን ሁለት ሲንግል ላይ ጫነው። ብለር 274,000 ሸጠ፣ ኦዌሲስ 216,000። ግን እዚህ ጋ ትንሽ ቆም በሉ፣ የብለር ሲንግል በሁለት ዓይነት ሲዲ ነበር የወጣው፣ ቲፎዞው ሁለቱንም ይገዛ ነበር፣ ይሄ ደግሞ ቁጥሩ ውስጥ አለ። ቆይቶ አልበሙ ሲወጣ ኦዌሲስ በሽያጭ ብለርን በብዙ እጥፍ ጥለውት ሄዱ። ማን አሸነፈ? ኩባንያዎቹ አሸነፉ፣ መጽሔቱ አሸነፈ፣ ሁለቱም ባንዶች ሳንቲም አገኙ። የተጎዳው ሰውነታቸው ነው፣ የኦዌሲሱ ኖኤል ጋላገር በዚያ መስከረም ላይ ስለ ብለሮቹ ዴመን አልባርንና አሌክስ ጄምስ በኤድስ እንዲሞቱ የሚመኝ ቃል ለጋዜጣ ተናገረ፣ ኋላ ይቅርታ ጠየቀ፣ ግን አንዴ የወጣ ቃል ነው፣ እስከዛሬ ይነሳል።

የፒል አድማጮች በዚያው ዓመት ምን አደረጉ መሰላችሁ? ፒል በየዓመቱ መጨረሻ «ፌስቲቭ ፊፍቲ» የሚል ዝርዝር ነበረው፣ አድማጭ የወደደውን ሦስት ዘፈን በደብዳቤ ይልካል፣ ተቆጥሮ ሃምሳው ይጫወታል። በ1995 አንደኛ የወጣው ብለርም ኦዌሲስም አይደለም፣ ፐልፕ ነው፣ «ኮመን ፒፕል» የሚለው ዘፈን። ያ ካሴት የሰጠው የሼፊልድ ልጅ። ሀገር ሁሉ ሁለት ጎራ ሆኖ ሲጯጯህ ማታ ማታ ያንን ፕሮግራም የሚሰማው ሰው ሦስተኛ መንገድ ላይ ነበር፣ ጆሮው ተገርቷል ማለት ነው፣ ዛሬ የሬጌ ሸክላ፣ ቀጥሎ ፐንክ፣ ቀጥሎ የዚምባብዌዎቹ ቡንዱ ቦይስ፣ አንዳንዴም ፒል በስህተት ፍጥነቱን አዛብቶ ያጫወተው ሸክላ፣ እንደዚህ እየሰማ ያደገ ሰው «ከሁለቱ ምረጥ» ሲባል «ለምን?» ብሎ ይጠይቃል።

ቢትልስና ሮሊንግ ስቶንስንም ብናይ ያው ነው። ሰዉ ስልሳ ዓመት ሙሉ ሲከራከርበት የኖረው ጠብ መሬት ላይ ስታየው ጓደኝነት ነበር። በ1963 ስቶንስ ሲንግል ቸግሯቸው ሳለ ዘፈን የሰጧቸው የቢትልሶቹ ሌነንና ማካርትኒ ናቸው። ሲንግላቸው እንዳይጋጭ እየተነጋገሩ ነበር የሚያወጡት፣ ማለትም ብለርና ኦዌሲስ ያደረጉትን ተቃራኒ። በ2023 በወጣው የስቶንስ አልበም ላይ ደግሞ ማካርትኒ ቤዝ ተጫወተላቸው። ጠቡ ለመሸጥ የተመቸ ነበር እንጂ የነሱ አልነበረም።

ሰባዎቹ ላይ ደግሞ ነገሩ የትውልድ ጠብ ሆነ። የፐንክ ባንዱ የሴክስ ፒስቶልስ ዘፋኝ ጆኒ ሮተን የፒንክ ፍሎይድ ቲሸርት ላይ «እጠላለሁ» ብሎ ጽፎ ለንደን ውስጥ ይዞር ነበር፣ ኋላ ግን ሙዚቃቸውን እንደሚወደው ራሱ ተናግሯል። ፒል እነ ፒንክ ፍሎይድን ከስልሳዎቹ ጀምሮ ሲያጫውት የነበረ ሰው ነው፣ ፐንክ ሲመጣም ቀድሞ የከፈተው እሱ ነው። ብዙ የድሮ አድማጭ ተቆጥቶ ደብዳቤ ጻፈ፣ ሰውየው አልተመለሰም። ፌስቲቭ ፊፍቲ በ1976 ሲጀመር አንደኛው የሌድ ዘፔሊን «ስቴርዌይ ቱ ሄቨን» ነበር፣ በ1978 አንደኛው የሴክስ ፒስቶልስ «አናርኪ ኢን ዘ ዩኬ» ሆነ፣ ሁለት ዓመት ብቻ ነው ልዩነቱ። በዚያው በ1978 ከሰሜን አየርላንድ ደሪ የመጡ ዘ አንደርቶንስ የሚባሉ ልጆች የላኩትን «ቲኔጅ ኪክስ» አጫውቶ ሲጨርስ መልሶ ደገመው፣ ሁለቴ በተከታታይ፣ ከዛ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ከሁሉ በላይ የምወደው ዘፈን ይሄ ነው ይል ነበር፣ የመቃብር ድንጋዩ ላይም የዘፈኑ ስንኝ ነው የተጻፈው።

እስካሁን ያወራሁት ከውጭ ስለተሠራ ጠብ ነው። ሌላ ዓይነት አለ፣ እሱ የከፋ ነው፣ ባንድ ውስጥ የሚነሳው። ይሄኛው ጋዜጣ ባያራግበውም ይነድዳል ምክንያቱም ጉዳዩ ገንዘብ፣ ስምና «ማን ሠራው» የሚለው ነው። ሮጀር ዋተርስ በ1985 ፒንክ ፍሎይድን ለቀቀና እኔ ከሌለሁ ባንዱ የለም ብሎ ስሙ እንዳይሠራበት ፍርድ ቤት ሄደ፣ ጊልሞርና ኒክ ሜሰን እንቀጥላለን አሉ፣ በ1987 መጨረሻ ተስማሙ፣ ስሙ ለነሱ ቀረ፣ ዋተርስ «ዘ ዎል» የሚለውን አልበማቸውን የትርኢት መብት ያዘ። ሕጉ አለቀ፣ ኩርፊያው አላለቀም።

እዚህ ጋ የኛ ታሪክ ይገባበታል፣ ሳላነሳው ማለፍ አልችልም። የ77ቱን ድርቅ ዓለም ያየው በጥቅምት 1984 ቢቢሲ ከኮረም ባስተላለፈው ዘገባ ነው፣ አየርላንዳዊው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ ያንን አይቶ ከሙዚቀኛው ሚጅ ዩር ጋር የገናውን ዘፈን ሠራ። ኅዳር 25 ለንደን ስቱዲዮ ውስጥ ዱራን ዱራንና ስፓንዳው ባሌ፣ በዛ ዘመን ቲፎዞዎቻቸው የማይተያዩ ሁለት ባንዶች፣ ባንድ ማይክ ዙሪያ ቆሙ። ስለ ዘፈኑ ግጥም ብዙ ማለት ይቻላል፣ ገናን ከአሥራ ስድስት መቶ ዓመት በላይ ያከበረ ሕዝብ «ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን» መባሉ ዛሬም ይቆረቁረኛል፣ እርዳታው መድረሱን ግን አልክድም። ሐምሌ 13 ቀን 1985 ላይቭ ኤድ የሚባለው የእርዳታ ኮንሰርት መጣ፣ ሃያ ዓመት ቆይቶ ሐምሌ 2 ቀን 2005 ላይቭ 8።

ለላይቭ 8 ጌልዶፍ ፒንክ ፍሎይዶችን ለማስታረቅ ሽማግሌ ሆነ። «ዘ ዎል» ፊልም ሲሠራ በ1982 ዋናውን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው እሱ ስለነበር ለሰዎቹ ባዳ አይደለም። ጊልሞርን ለመነው፣ እምቢ አለ። ኋላ ዋተርስ ራሱ ስልክ ደወለለትና ጊልሞር እሺ አለ። አራቱ፣ ዋተርስ፣ ጊልሞር፣ ሜሰንና ሪቻርድ ራይት፣ አንድ ላይ መድረክ ላይ ከወጡ 24 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ለንደን ሃይድ ፓርክ ውስጥ በዚያው ቀን ጌልዶፍ የ77ቱን ምስል አሳየ፣ ልትሞት ደቂቃዎች ቀርቷታል የተባለችውን የትግራይ ሕፃን፣ ከዛ ብርሃን ወልዱ ራሷ ወጣት ሆና ወደ መድረኩ ወጣች፣ ማዶና እጇን ይዛ ዘፈነች። ማታ ላይ ፒንክ ፍሎይድ ወጡ፣ ዋተርስ «ዊሽ ዩ ወር ሂር» ሊጀምር ሲል ላልመጡት ሁሉ በተለይ ለሲድ አለ፣ ሲድ ባሬት ማለት ባንዱን የመሠረተውና ታሞ ቀድሞ የቀረው ነው። ሲጨርሱ ተቃቀፉ። አራቱ ከዛ በኋላ አንድ ላይ መድረክ ላይ አልወጡም፣ ሪቻርድ ራይት በ2008 ሞተ፣ ዋተርስና ጊልሞር ደግሞ በ2023 በፖለቲካ ምክንያት በአደባባይ እንደገና ተዘላለፉ፣ የጊልሞር ሚስት ጽፋ እሱም «እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው» ብሎ አጸደቀላት። በ2024 የተቀዱ ሥራዎቻቸውን መብት 400 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው በተባለ ዋጋ ለሶኒ ሸጡ። እኔ ግን አንድ ነገር አይወጣልኝም፣ እነዚህ ሰዎች በፍርድ ቤት ያላገኙትን ሃያ ደቂቃ ያገኙት የኛ ሰው መከራ በተነሳበት መድረክ ላይ ነው።

የኦዌሲሶቹ የኖኤልና የሊያም ጋላገርም ከዚህ ነው የሚመደበው፣ ወንድማማች ስለሆኑ ደግሞ ይብሳል። ነሐሴ 28 ቀን 2009 ፓሪስ ውስጥ ሊወጡ ደቂቃዎች ሲቀሩ ተጣልተው፣ ጊታር ተሰባብሮ፣ ኖኤል ጥሎ ሄደ። አሥራ ስድስት ዓመት ሊሞላው ሲል ሐምሌ 4 ቀን 2025 ካርዲፍ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወጡ፣ ያንን ያየ የድሮ ቲፎዞ አለቀሰ፣ እኔም ስሜቱ ይገባኛል። ግን ትኬቱ በነሐሴ 2024 ሲሸጥ የሆነውን አንርሳ፣ ሰዉ ኦንላይን ሰዓታት ተሰልፎ 150 ፓውንድ ገደማ ያለው የቁም ትኬት ተራው ሲደርስ 355 ፓውንድ ሆኖ ጠበቀው። ጠቡም ተሸጠ፣ እርቁም ተሸጠ፣ ሁለቱንም የከፈለው ያው ሰው ነው። ኖኤልና ዴመን እኮ ከዚያ በፊት ታርቀው ነበር፣ በ2013 ሮያል አልበርት ሆል ውስጥ ለካንሰር ሕሙማን ልጆች በተዘጋጀ ኮንሰርት የብለርን ዘፈን አብረው ተጫውተዋል፣ በ2017 በዴመን ሌላ ባንድ በጎሪላዝ ዘፈን ላይ ኖኤል ገብቷል፣ ግን ያንን የሚያነሳው ጥቂት ሰው ነው።

ፒልን መልአክ ማድረግም አልፈልግም። እሱም የሚጠላው ነበረው፣ በ1970 ኤመርሰን ሌክ ኤንድ ፓልመር የሚባሉትን ባንድ የችሎታና የኤሌክትሪክ ብክነት ብሎ አጣጥሏቸዋል። ከዘፋኙ ማርክ ቦላን ጋር የልብ ጓደኛ ነበሩ፣ ማንም ሳያውቀው እሱ እየደጋገመ አጫወተው፣ በ1971 ቦላን ቲ ሬክስ በሚባለው ባንዱ ሲገንን ፒል አዲሱን ሲንግል አልወደድኩትም አለና ጓደኝነቱ በዛው ቀዘቀዘ። ከሁሉ የሚከብደው ሌላ ነው፣ አሜሪካ በነበረ ጊዜ በ1965 ያገባት ልጅ ገና 15 ዓመቷ ነበር፣ ስለ ትንንሽ ልጆችም በቃለ ምልልስ እንደዋዛ ያወራው አለ። ግላስተንበሪ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ በስሙ ይጠራ የነበረው መድረክ በ2023 ስሙ ተቀይሯል። የምንወደው ሰው ስለሆነ ይሄ ይታለፍ የሚሉ አድናቂዎች አሉ፣ እኔ አልስማማም፣ ለሙዚቃ የሠራው ሌላ፣ ይሄ ሌላ፣ ሁለቱም በስሙ መነሳት አለባቸው።

ታዲያ ዛሬ ምንድነው የጎደለው? ሙዚቃ አልጎደለም፣ ከዛ ዘመን ይልቅ በብዙ እጥፍ ነው ያለው። የጎደለው አንተ ያልጠየቅከውን ዘፈን ያለ ምክንያት የሚያሰማህ ሰው ነው። አልጎሪዝሙ ኦዌሲስ ከሰማህ ኦዌሲስ የሚመስል ያመጣልሃል፣ ሶሻል ሚዲያው ደግሞ ኦዌሲስን የሚሳደብ ሰው ያመጣልሃል ምክንያቱም ትመልሳለህ፣ ትናደዳለህ፣ ትቆያለህ። በ1995 ጠቡን ለማራገብ መጽሔት ሽፋን ማሳተም፣ ኩባንያ ቀን መቀየር ነበረበት፣ ዛሬ ማንም ምንም ማድረግ ሳይጠበቅበት በራሱ ይቀጣጠላል። ፒል የሞተው ዩቲዩብ ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው፣ ይሄን ሳስብ ከሱ በኋላ ያደገ ልጅ እንዲህ ዓይነት አቅራቢ ምን እንደሚመስል አለማወቁ ያሳዝነኛል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሳይጮህ፣ ሳያጋንን «ይሄ ዛሬ በፖስታ የመጣ ነው» ብሎ ብቻ መርፌውን ሸክላው ላይ የሚያስቀምጥ ሰው።

ቲፎዞነት ምን እንደሆነ አጥቶት አይደለም፣ ሰውየው ሊቨርፑል ደጋፊ ነበር፣ በሚያዝያ 1989 ሂልስቦሮ ስታዲየም ላይ ደጋፊዎች ተጨፍልቀው ሲሞቱ ፕሮግራሙን በአሬታ ፍራንክሊን «ዩል ኔቨር ዎክ አሎን» ከፍቶ ማውራት አቅቶት አልቅሷል። ጎራ መያዝን ለኳስ ተወው፣ ሙዚቃ ውስጥ አላስገባውም።

አድማጮቹም አልተውትም። ፌስቲቭ ፊፍቲ ከሱ ሞት በኋላ አልቆመም፣ በስልሳዎቹ መጨረሻ ፒል ባቋቋመው የሸክላ ኩባንያ ስም የተሰየመ ዳንዴሊየን ሬዲዮ የሚባል የኢንተርኔት ጣቢያ ከ2006 ጀምሮ ተረክቦታል። ድምፁ አሁንም የአድማጭ ነው፣ አሁንም ሦስት ዘፈን ነው፣ ዝርዝሩ ውስጥ የሚገቡት ባንዶችም አብዛኛዎቹ ቻርት ላይ ፈልጋችሁ የማታገኟቸው ናቸው።